መልእክተኛው፣ ዘበኛውና የተዘጋው በር

ከመምህሩ ሰሌዳ፦ የጤናና የሳይንስ ቋሚ ዓምድ

 

የዛሬውን ርእስ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። በቅርቡ ሦስት ሰዎች በየተራ አግኝተውኝ ስለ ስኳር በሽታ ጠየቁኝ። አንዲት እናት «ልጄ እኮ ከረሜላ እንኳን በወጉ ቀምሳ አታውቅም፤ ስኳር ከየት መጣባት?» አለችኝ። አንድ ወጣት ደግሞ «መርፌው ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ ከጀመሩት መላቀቅ የለም ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛው አባት ናቸው። «ኢንሱሊን ፍሪጅ ከሌለ ይበላሻል፣ እንዲያውም መርዝ ይሆናል አሉኝ። እኛ ፍሪጅ ከየት እናምጣ? ለልጁ ከምወጋው ባቆመው አይሻልም ወይ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ልጅ መርፌው ከተቋረጠበት ወራት አይቆይም፤ የሚቆጠረው ቀን ነው። ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ፦ አባባ፣ አያቁሙት! ብልቃጡን ያለ ፍሪጅ እንዴት ማቆየት እንደሚቻል፣ ያውም እንደኛው ባለ የስደተኛ ካምፕ ሙቀት ተጠንቶ የተገኘ መልስ አለ። እዚያ ላይ እንደርሳለን።

እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ክሊኒኩ ነው። የኔ ሥራ ነገሩ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በሰሌዳ ላይ እንደማስረዳው ማስረዳት ነው። ነገሩ የገባው ሰው ወሬ ቶሎ አያታልለውም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

እህሉ ደርሷል፣ በሩ ግን ዝግ ነው

ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ነው። ሕዋስ ማለት ሴል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አንድ ቤተሰብ ጎጆ ነው እንበል፤ አጥር አለው፣ በር አለው፣ ውስጡ ሥራ አለ፣ ለሥራው ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ማገዶው ግሉኮስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው።

ይህ ስኳር የሚመጣው ከከረሜላና ከሻይ ብቻ አይደለም። እንጀራው፣ ኡጋሊው፣ ሩዙ፣ ስንዴው፣ በራሽን የምንቀበለው በቆሎና ማሽላ ሁሉ አንጀታችን ውስጥ ሲፈጭ መጨረሻው ግሉኮስ ነው። ከዚያም ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ የእናቲቱ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ጋ ተመለሰ። ልጅቱ ከረሜላ ባትበላም ስኳር በደሟ ውስጥ አለ፤ የሁላችንም ደም ውስጥ አለ፤ ከሌለ ደግሞ እንሞታለን። ስኳር መርዝ አይደለም፣ ማገዶ ነው።

ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ደማችንን እንደ ዋናው መንገድ፣ ግሉኮሱን ደግሞ እህል ጭኖ እንደደረሰ መኪና አድርጋችሁ ተመልከቱት። መኪናው ደረሰ፣ መንገዱ ላይ ቆመ። ነገር ግን የጡንቻና የስብ ሕዋሳት በራቸውን ሁልጊዜ ከፍተው አይጠብቁም። የሚከፍቱት መልእክት ሲደርሳቸው ነው።

መልእክተኛው የሚላከው ከቆሽት ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመች አካል ናት። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ታውቃለች፤ ወዲያውም ኢንሱሊንን ትልካለች። ኢንሱሊን ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ አሚኖ አሲድ ከሚባሉት ጡቦች ሃምሳ አንዱ ተቀጣጥለው የሠሩት። በደም ውስጥ እየተጓዘ በየጎጆው በር ይደርሳል።

በር ላይ ዘበኛ አለ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ሰው ኢንሱሊን ራሱ ስኳሩን ተሸክሞ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባ ይመስለዋል። አይደለም። ኢንሱሊን በር አንኳኪ ነው። ሲያንኳኳ የሚሰማው ደግሞ በሕዋሱ አጥር ላይ የቆመ ሌላ ትልቅ ፕሮቲን ነው። ሳይንሱ ሪሴፕተር ይለዋል፤ ተቀባይ ማለት ነው። እኛ ለዛሬ ዘበኛ እንበለው።

ይህ ዘበኛ ግማሽ አካሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ግማሹ ከአጥሩ ውስጥ ነው። ኢንሱሊን መጥቶ የውጭውን ክፍል ሲይዘው ዘበኛው ቅርጹን ይለውጣል። በዚያን ጊዜ የውስጠኛው ክፍሉ ይነቃና ፎስፌት የሚባል ምልክት በራሱ ላይ ይለጥፋል። ያንን ምልክት ያየ ሌላ ፕሮቲን መልእክቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይነግራል፣ እሱም ለሚቀጥለው። ዘበኛው ለልጅ፣ ልጁ ለእናት፣ እናት ለጎረምሶቹ እንደሚናገሩት ማለት ነው። በመጨረሻ ጓዳ ተቀምጠው የነበሩ ግሉት ፎር የሚባሉ የግሉኮስ በሮች ወደ አጥሩ ይወጡና ይገጠማሉ። ስኳሩ ያኔ ይገባል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ጉበት ደግሞ ለብቻው አንድ ጉዳይ አለው። ጉበት የስኳር ጎተራ ነው፤ ያከማቻል፣ ሲያስፈልግም እየሠራ ወደ ደም ይለቅቃል። ኢንሱሊን ለጉበት የሚያደርሰው መልእክት «አሁን በቂ አለ፣ መልቀቁን ተው» የሚል ነው። መልእክቱ ካልደረሰው ጉበት ሌት ተቀን ስኳር ይለቅቃል። «ዛሬ ምንም ስላልበላሁ መርፌ አያስፈልገኝም» የሚለው ሐሳብ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ሆድ ባዶ ቢሆንም ጉበት ሥራ አይፈታም።

መልእክቱ ሲቋረጥ የሚሆነውን እንግዲህ ገምቱት። መንገዱ በእህል ተጨናንቋል፣ ቤተሰቡ ግን በረሃብ ይቆላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። የተረፈው ስኳር በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣ ውኃ ጎትቶ ስለሚወጣ ሰውየው ውኃ ይጠማዋል፣ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፣ እየበላ ይከሳል። ሕዋሳቱ ማገዶ ሲያጡ የራሳቸውን ቤት ማገር እየነቀሉ ማንደድ ይጀምራሉ፤ ስብና ጡንቻ ይቀልጣል። ከስቡ መቃጠል የሚወጣው አሲድ ደምን ይመርዛል። ልጆችን በቀናት ውስጥ የሚገድለው ይህ አሲድ ነው።

ዘበኛው እንዴት ተገኘ?

በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሊሞት ተቃርቦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የነበረው ሕክምና ምግብ መከልከል ነበር፤ ትንሽ ዕድሜ ይቀጥላል እንጂ አያድንም። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳት ቆሽት የጨመቁትን ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ አልጠራም ነበርና እምብዛም አልሠራም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባልደረባቸው አጣርቶ ከሠራው በኋላ በዚያው ወር እንደገና ሲወጋ ልጁ ነፍስ ዘራ፤ ከዚያ በኋላም 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግና የላቦራቶሪው ኃላፊ ማክሊዮድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኢንሱሊን እንደሚሠራ ታወቀ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ለይቶ የሚቀበለው ነገር መኖሩ በላቦራቶሪ የታየው በ1971 ገደማ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1982 ይህ ተቀባይ መልእክቱን የሚያስተላልፈው የፎስፌት ምልክት እየለጠፈ መሆኑ ተደረሰበት። በ1985 ተቀባዩን የሚሠራው ዘር፣ ማለትም ጂኑ፣ ተነበበ። በ2013 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን ኢንሱሊን በተቀባዩ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በዝርዝር አሳየ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ናሙናውን በእጅጉ አቀዝቅዞ በሚያነሣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የዘበኛው ሙሉ ምስል ተነሣ። ምንም ሳይነካው ታጥፎ የቆየው ተቀባይ ኢንሱሊን በበቂ ሲይዘው ሁለት ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ ሰው ይሆናል። በአንድ ጊዜም እስከ አራት ኢንሱሊን ሊይዝ እንደሚችል ታይቷል።

እግረ መንገዴን አንድ ወሬ ላጥራ። «ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው» እያሉ መርፌውን የሚሸሹ አሉ። ድሮ ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ እንደነበር እውነት ነው። ከ1982 ወዲህ ግን የሰውን የኢንሱሊን ጂን ለባክቴሪያ ወይም ለእርሾ በመስጠት ማምረት ተጀመረ። በብልቃጡ ላይ የሰው ኢንሱሊን የሚል ከተጻፈበት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ልቡ አይከፈል።

በሽታው አንድ ዓይነት አይደለም

የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል። የሰውነት የራሱ መከላከያ ኃይል ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። እዚህ ላይ ዘበኛው ጤነኛ ነው፣ በሩም ጤነኛ ነው፤ የጠፋው መልእክተኛው ነው። ስለዚህ ከውጭ መላክ አለበት። የወጣቱ ጥያቄ መልስ ይኸው። መርፌው ሱስ አይደለም። የማንኛችንም ቆሽት በየቀኑ የምትልከውን ያንኑ መልእክተኛ በመርፌ መላክ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ኢንሱሊንን የሚተካ ሌላ ክኒንም ሆነ ቅጠል እስካሁን የለም። እናቲቱም ይህንን ትስማ፦ ይህ በሽታ ከረሜላ በመብላት፣ በእርግማን ወይም በእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት በዓለም ላይ በብዛት ያለው ነው። እዚህ መልእክተኛው ይመጣል፣ ያንኳኳል፤ ነገር ግን ከዘበኛው ወደ ውስጥ ያለው የቅብብሎሽ መስመር ደንዝዟል። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያለ ቦታው የተከማቸ ስብ መስመሩን እንደሚያውክ ጥናቶች አሳይተዋል። ቆሽት «አልሰሙም» ብላ መልእክተኛ ትጨምራለች። ለዓመታት ስትጮህ ትኖርና ይደክማታል፤ ስኳሩ ያን ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። ብዙዎች የሚወስዱት ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል።

ለሁለተኛው ዓይነት አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጡንቻ ሲሠራ ግሉት ፎር የተባሉትን በሮች በሌላ ምልክት ያለ ኢንሱሊን ጭምር ማውጣት ይችላል። ዋናው በር ሲያስቸግር በጓሮ በር እንደመግባት ነው። ጀሪካን ይዞ ወደ ቧንቧ መሄድ፣ ከእራት በኋላ ብሎኩን አንድ ሁለት ጊዜ መዞር፣ ኳስ መጫወት፣ ሁሉም ይህንን የጓሮ በር ይከፍታል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሬፈራልም አያስፈልገውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው በእንቅስቃሴ ብቻ መርፌውን መተካት አይችልም፤ ይህንን እንዳትቀላቅሉት።

ስለ አንድ ሌላ ዓይነትም ልናገር፤ እኛን ይነካልና። «ስኳር የወፍራም፣ የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። የጎንደር አካባቢን ታካሚዎች ያዩ ሐኪሞች ግን ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሰዎች ብዙዎቹ ድሆችና ከሲታዎች መሆናቸውን ተመልክተው፣ በልጅነት የምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ይመርመር ብለው በ2009 ጽፈው ነበር። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። በዚህ ዓይነቱ ዋናው ችግር የዘበኛው መደንዘዝ ሳይሆን የመልእክተኛው ማነስ መሆኑን በ2022 የወጣ የሕንድ አገር ታካሚዎች ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ «ከሲታ ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

በሬዲዮ የምትሰሟቸው አዳዲስ መርፌዎችም አሉ፤ ሴማግሉታይድና መሰሎቹ። እነዚህ የሚያንኳኩት ሌላ ዘበኛ ነው፤ ምግብ ሲገባ ከአንጀት የሚላክን ሌላ መልእክተኛ የሚቀበለውን። ቆሽት ስኳር ሲጨምር ኢንሱሊን እንድትልክ ያበረታታሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 ለአንዳንድ የሁለተኛው ዓይነት ታካሚዎች ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ዋጋቸው ግን ገና ከባድ ነው። ኢንሱሊን ለሚያስፈልገው ልጅም ምትክ አይሆኑም። በገበያ በድብቅ ይሸጣል ቢሏችሁ አትግዙ።

ሙቀቱና ብልቃጡ

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት፤ ይህ ደንብ ነው፣ የክሊኒኩም ኃላፊነት ነው። የተከፈተውስ? የተለመደው መመሪያ አንድ ብልቃጥ ሥራ ላይ ባለበት አራት ሳምንት ውስጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ የክፍል ሙቀት እንዲቆይ ይፈቅዳል። በእኛ አገር ሙቀት ግን 30 ዲግሪ የጠዋት ብርድ ነው! በዚህ የተነሣ በብዙ ቦታ ኢንሱሊን ለሕመምተኛ በእጁ አይሰጥም ነበር፤ ለእያንዳንዱ መርፌ ወደ ጤና ጣቢያ መመላለስ ነበረበት። በቀን ሁለት ጊዜ በፀሐይ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ትምህርት ይቀራል፣ ሥራ ይቀራል፣ በመጨረሻም መርፌው ይቀራል።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። በሰሜን ኬንያ በዳዳብ ከሚገኙት ካምፖች አንዱ በሆነው በዳጋሃሌ የሙቀት መመዝገቢያ አስቀመጡ። ሙቀቱ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲወጣና ሲወርድ ታየ። ያንኑ የካምፕ ሙቀት ልክ እንዳለ በላቦራቶሪ ውስጥ አስመስለው የተለያዩ የኢንሱሊን ዓይነቶችን ለአራት ሳምንት አቆዩ። በየሳምንቱ መጠኑን ለኩ፣ ቅርጹንም መረመሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያረካኝ የመጨረሻው ፈተና ነው። ተመራማሪዎቹ ዘበኛውን ራሱን ጠየቁት። በካምፕ ሙቀት የቆየውን ኢንሱሊን ለጉበት ሕዋሳት ሰጥተው ተቀባዩ የፎስፌት ምልክቱን ይለጥፍ እንደሆነ፣ መልእክቱም ወደ ውስጥ ይተላለፍ እንደሆነ ተመለከቱ። ውጤቱ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ኢንሱሊን ጋር አንድ ሆነ። መልእክተኛው በሙቀቱ ቢንገላታም ድምፁ አልጠፋም፣ ዘበኛውም ሰምቶታል። ጥናቱ በየካቲት 2021 ታትሞ ወጣ።

አባባ፣ ይኸው ነው መልሱ። በሙቀት የቆየ ኢንሱሊን መርዝ አይሆንም። ቢበላሽ እንኳ የሚሆነው ኃይሉን ማጣት ነው፤ መልእክቱን ማድረስ ያቅተዋል። ጥናቱ በተደረገበት የሙቀት ልክ ለአራት ሳምንት ደግሞ ኃይሉን ይዞ ይቆያል።

ሆኖም ጥናቱ ያለውን ብቻ እንውሰድ። ስለ 37 ዲግሪ ነው የተናገረው፤ እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡን ማቀዝቀዝ የኛ ድርሻ ነው። ዘዴውን እናቶቻችን ያውቁታል፤ የሸክላ እንስራ ውኃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ማን ያጣዋል? ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጡ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡት፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ብልቃጡን ውኃ እንዳይነካው በንጹሕ ላስቲክ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ በትንሹ ሸክላ ውስጥ አኑሩት። ሸክላው ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ፣ ከምድጃ አጠገብ ወይም ከቆርቆሮው ሥር አታንጠልጥሉት። በረዶ ላይም በቀጥታ አታስቀምጡት፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን አይሠራም። የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ጻፉ። ንጹሕ መሆን የሚገባው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ወይም ደፍራሹ ተነቅንቆ እንደ ጓል ከቀረ፣ ወደ ክሊኒኩ ወስዳችሁ አስቀይሩት። ሲቀይሩላችሁም ስንት ቀን ማቆየት እንደምትችሉ ጠይቁ።

በቤት ውስጥ ልብ የምንላቸው

1ኛ. ልጅ ውኃ ውኃ ካለ፣ ሽንት ካበዛ፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረው እንደገና ከጀመረ፣ እየበላ ከከሳ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ደሙ ይለካለት። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ከተጨመረበት ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብለው ቢጠረጥሩም «ስኳሩን ለኩልኝ» በሉ፤ ጣት ወግቶ መለካት የደቂቃ ሥራ ነው።

2ኛ. ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድም ይችላል። ያልበው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ ይወላገዳል፤ ሰካራም ሊመስል ይችላል። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

3ኛ. የራሽን ቀን ወረፋው ረጅም ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በባዶ ሆዱ ፀሐይ ላይ መቆም የለበትም። ስኳር በኪሱ ይያዝ። የብሎክ መሪዎችም እነዚህን ሰዎች ወደ ፊት ብታሳልፉ ውለታ ሳይሆን ነፍስ ማዳን ነው።

4ኛ. ሲታመሙና ምግብ ሲያስጠላ ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም፤ ሕመም ራሱ ስኳርን ይጨምራል። መጠኑን ክሊኒኩ ያስተካክል።

5ኛ. መርፌና ሲሪንጅ አትዋዋሱ። ብልቃጥም ለሁለት አትካፈሉ።

6ኛ. ጾምና ረመዳን ሲመጣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ መፍትሔ አላቸው፤ የሃይማኖት አባቶቻችንን ጠይቁ። ጸበል የሚጠጣም ይጠጣ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ መርፌውን ግን አያቋርጥ።

የመደበቅ ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በዓለም ላይ 830 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከስኳር በሽታ ጋር እንደሚኖሩ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም መድኃኒት እንደማይወስዱ ገልጿል። የማይወስዱት ሁሉ መድኃኒት ስላጡ ብቻ አይመስለኝም። በኛ መካከል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሐፍረት ነው። «ሴት ልጅ ነች፣ ነገ ማን ያገባታል?» እየተባለ የምትደበቅ ልጅ አለች። የክፍል ጓደኞቹ መርፌውን እንዳያዩበት የቀኑን መርፌ የሚዘል ተማሪም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ ስኳርን በተመለከተ ይህ እንደ ምሳሌ ብቻ የሚነገር አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስኳር ካለበት ለክፍል አስተማሪው ንገሩ። እኛ መምህራን ማድረግ የምንችለው ቀላል ነገር አለ። ሽንት ቤት ሲጠይቅ አንከለክለውም፤ በእረፍት ሰዓት መብላቱን እናያለን፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሰነፍ ነው ብለን ከመቆጣት በፊት ስኳር በጥብጠን እንሰጠዋለን። ካልነገራችሁን ግን ምኑን እናውቃለን?

ሌናርድ ቶምሰን በ1922 የተወጋው ያ መርፌ ዛሬ በካምፓችን ክሊኒክ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ከፍሪጁ እስከ ልጁ ክንድ ያለው መንገድ ላይ ደግሞ የአባት ትዕግሥት፣ የእናት የሸክላ ማሰሮና የጎረቤት ደግ ቃል ያስፈልጋል። መልእክተኛው ይድረስ፤ ዘበኛው ነቅቶ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው ጽፋችሁ በማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልኝ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።